የእግዜር እንግዳና የድርጎ እንግዳ፤ በደጋው አገር ቤት ስላደሩ መንገደኞች

ስለ ኢትዮጵያ ደጋ አገር የውጭ ሰዎች የጻፏቸውን የጉዞ መጻሕፍት አከታትሎ የሚያነብ ተማሪ፣ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት ዓይነት ምስክርነቶች ያጋጥሙታል። አንዱ መንገደኛ የደጋውን ገበሬ እንግዳ ተቀባይነት እያደነቀ፣ እግሩን እንዳጠቡለት፣ ከምድጃው አጠገብ መደብ ላይ እንዳስተኙት፣ ከጥቂቱም ላይ ቈርሰው እንዳበሉት ይተርካል። ሌላው ደግሞ በዚያው አገር አልፎ፣ ባላገሩ ጎተራዬ ባዶ ነው ብሎ እንደ ማለ፣ ዶሮውን እንደ ሸሸገ፣ የመንደሩም ሰው ገና ከሩቅ ባየው ጊዜ ወደ ገደሉ እንደ ሸሸ እያማረረ ይጽፋል። እነዚህን ሁለት ወሬዎች ለማስታረቅ ብዙ ጊዜ የሚደረገው፣ አንደኛውን ጸሐፊ ቅን ሁለተኛውን ክፉ ማድረግ፣ ወይም የአንዱን አውራጃ ሰው ለጋስ የሌላውን ንፉግ ብሎ መመደብ ነው። እኔ ግን ነገሩ ከጠባይ የመጣ አይመስለኝም። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ እንግዳው በየትኛው በር ገባ? የበላውስ እንጀራ በማን ትእዛዝ ተጋገረ? የሚለው ነው።

በደጋው አገር ታሪክ እንግዳ የሚገባበት በር አንድ ብቻ አልነበረም። በእግዜር ስም የሚገባ እንግዳ ነበረ፤ በሹም ትእዛዝ የሚገባ እንግዳ ነበረ፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ በገንዘቡ የሚገባ እንግዳ መጣ። ሦስቱም በአንድ ምድጃ ዙሪያ ስለ ተቀመጡና በአንድ ቃል «እንግዳ» ስለ ተባሉ ልዩነታቸው ተሸፍኖ ኖሯል። ቃሉ ራሱም ለዚህ የተመቸ ነው፤ በቋንቋችን «እንግዳ» ማለት የሚስተናገደው ሰው ብቻ ሳይሆን ያልታወቀውና ያልተለመደው ነገር ጭምር ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቈጣጠር ሲሆን ለብቻው ይገለጻል።)

በመጀመሪያ የእግዜሩን እንግዳ እንመልከት። መሽቶበት ከማያውቀው ደጅ የደረሰ መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» እያለ ይጣራል። ውሻው ከተያዘ በኋላ ከውስጥ «ቤት ለእምቦሳ» የሚል መልስ ይሰማል፤ እርሱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመርቃል። ይህ ሰላምታ ዛሬ በከተማ ሳይቀር ትርጕሙ ሳይታሰብ ይነገራል፤ የተወለደው ግን ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ከሚያድሩበት ቤት ነው። እምቦሳ ትናንት የተወለደች ጥጃ ናት፤ በቅዝቃዜው አገር ለእርስዋ የሚሆን የሞቀ ስፍራ ከቤት ውስጥ ይፈለጋል። እንግዳውም እንደ እርስዋ ደካማና የቤቱ በረከት ሆኖ ይቈጠራል ማለት ነው።

ከገባ በኋላ ውሃ ቀርቦለት ከቤቱ ልጆች አንዱ ወይም ራሱ አባወራው እግሩን ያጥበዋል፤ አጥቦም እግሩን ይስማል። ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ እህል ከቀመሰ በኋላ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ይጠየቃል። የሚቀርብለት ነገር የቤቱ ሰው የሚበላው ነው። ጤፍ በማይደርስበት በከፍተኛው ደጋ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ገብስ ነው፤ የገብስ እንጀራ፣ የገብስ ዳቦ፣ የገብስ ቆሎ፣ የገብስ ጠላ። ባቄላው በንፍሮ፣ በሽሮ ወይም በቆሎ መልክ ይታከላል። ቀኑ የጾም ከሆነ የሚታለበው ላም ቢኖርም ወተት አይቀርብም። ሌሊቱን እንግዳው ከመደቡ ላይ በቈርበት ይተኛል፤ የሚለብሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ተከናንቦት የመጣው ጋቢ ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ሥራ አይመጣም፤ ሥራውም በአብዛኛው የሴት ነው። የእጅ ወፍጮ ባለበት ቤት ለአንድ ተጨማሪ አፍ የሚሆነው ዱቄት የሚገኘው እማወራዋ ወይም ልጇ በመጁ ላይ ጎንበስ ብላ በምታሳልፈው ሰዓት ነው። ውሃው በእንስራ ከምንጭ ይቀዳል። ደኑ ካለቀበት አምባ ላይ የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበቱም በበጋ ተጠፍጥፎ ለክረምት የሚከመር፣ የሚቈጠር ሀብት ነው። ጠላው ደግሞ ዛሬ ታስቦ ዛሬ የሚጠጣ አይደለም፤ ብቅሉ፣ ጌሾው፣ ጥንስሱ ቀናት ይፈልጋል። መንገደኞቹ በመጽሐፋቸው «ባለቤቱ አበላኝ» ሲሉ አባወራውን ማለታቸው ነው፤ ሴቲቱ ብትጠቀስ ስለ ጠጕሯ አሠራርና ስለ አንገቷ ማተብ ነው። ስለ ወፍጮው ድምፅ የጻፉ አሉ፤ እንቅልፍ ነሳን ብለው።

ይህን ሸክም ቤቱ ለምን ይሸከማል? አንደኛው ምክንያት የሃይማኖት ትምህርት ነው። በቤተ ክርስቲያን ስብከት አብርሃም ሥላሴን በድንኳኑ የተቀበለ የእንግዳ ተቀባዮች አባት ነው፤ ሰይጣን መንገዱን በዘጋበት ጊዜ ያለ እንግዳ አልበላም ብሎ ሦስት ቀን እንደ ጾመም ይተረካል። ከቤቱ ደጅ የቆመው ሰው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም የሚለው ስጋትና ተስፋ ከዚህ የመጣ ነው። የቆሎ ተማሪም በእመቤታችን ስም እየለመነ በየደጁ ሲዞር የሚኖረው በዚሁ ትምህርት ላይ ተደግፎ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ኑሮው ራሱ ነው። የዛሬው አስተናጋጅ ነገ መንገደኛ ነው፤ ለገበያ፣ ለሙግት፣ ለሰርግ፣ ለተዝካር፣ ለገና ወደ ላሊበላ ሲሳለም እርሱም በሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ማለቱ አይቀርም። እንግዲህ የእግዜር እንግዳ መስተንግዶ ስጦታ ብቻ አይደለም፤ በእኩዮች መካከል ያለ፣ የማይጻፍና የማይቈጠር ብድር ነው። ብድሩም ወሰን አለው፤ የአገሩ ሰው በተረቱ እንግዳን በመጀመሪያው ቀን ከወርቅ፣ ሲሰነብት ከብር፣ ሲከርም ከብረት ጋራ ያመሳስለዋል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ የቀረ እንግዳ ማጭድ ቢቀበል አይገርምም።

አሁን ወደ ሁለተኛው በር እንለፍ። «ድርጎ» የሚለው ቃል በገዳማት ለመነኮሳትና ለተማሮች በየቀኑ የሚታደለውን ምግብ ይገልጻል፤ በቤተ መንግሥት ቋንቋ ደግሞ ንጉሡ ወይም መስፍኑ ለእንግዳው የሚያዝለት የዕለት ቀለብ ነው። ወደ ንጉሥ የሚመጣ የውጭ ሰው ባልደራባ ይሰጠዋል፤ ባልደራባው ጉዳዩን ያስፈጽምለታል፣ ይጠብቀዋል፣ ይጠባበቀዋልም። በከተማው ሳለ ድርጎው ከንጉሡ ጎተራ ሊመጣለት ይችላል። በመንገድ ላይ ሳለ ግን ጎተራው የባላገሩ ነው። መሪው ትእዛዙን ይዞ ከመንደር ይደርሳል፤ ጭቃ ሹሙ ይጠራል፤ ከየቤቱ ይህን ያህል እንጀራ፣ ይህን ያህል ጠላ፣ አንድ በግ ወይም ፍየል ይውጣ ይባላል። ጓዙንም እስከሚቀጥለው አውራጃ ወሰን የሚሸከመው የመንደሩ ሰው ነው።

ከዚህ አሠራር ምስክሮች አንደኛው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከሮድሪጎ ደ ሊማ መልእክተኞች ጋራ በ1520 ምፅዋ ወርዶ፣ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት በአገሪቱ ቆይቶ በ1526 ተመለሰ፤ መጽሐፉም በ1540 በሊዝበን ታተመ። አልቫሬዝ ክፉ አሳቢ አልነበረም፤ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲጽፍ አንባቢ አያምነኝም ብሎ የፈራ፣ ላየው ነገር አክብሮት የነበረው ሰው ነው። ነገር ግን ጓዛቸው ከአገር ወደ አገር በሰው ሸክም በንጉሥ ትእዛዝ ይተላለፍ እንደ ነበር፣ ሸካሞቹም ወሰናቸው ላይ ሲደርሱ ጓዙን ጥለው እንደሚመለሱ ራሱ ይነግረናል። በአንድ ስፍራም የአገሩ ሰዎች በመልእክተኞቹ ላይ ድንጋይ እንደ ወረወሩ ጽፏል። ይህን ገጽ ብቻውን የሚያነብ ሰው አረመኔ ሕዝብ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን በሜዳው ላይ ሰብሉ ቆሞ ሳለ የማያውቀውን ሰው ሳጥን እንዲሸከም፣ ከዚያም በላይ እንዲያበላ የታዘዘ ገበሬ ድንጋይ ቢያነሣ ስለ እንግዳ ተቀባይነቱ የሚነግረን ነገር የለም። ስለ ትእዛዙ ነው የሚነግረን።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም ሥርዓቱ ያው ነበር። በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ በመጣ ጊዜ ቡድኑ በንጉሡ ድርጎ ይኖር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የመጣው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን በአሊዩ አምባ በንዳድ ታሞ ሲሰነብት ድርጎው በአገረ ገዢው በኩል ይደርሰው ነበር። የሁለቱን ሰዎች መጻሕፍት (ሁለቱም በ1844 ታትመዋል) አነጻጽሮ ማንበብ ይጠቅማል። ሃሪስ በብዙ አገልጋይና በብዙ ሳጥን ታጅቦ የመጣ ስለ ሆነ ከአገሬው ቤት ይልቅ የሚያየው የቤተ መንግሥቱን አደባባይ ነው፤ ቋንቋውም በማሸብረቅ የተሞላ ነው። ጆንስተን ግን ደካማና ብቸኛ ስለ ነበር የጎረቤቶቹን አኗኗር፣ የገበያውን ዋጋ፣ የእንጀራውን አጋገር እንኳ ቀረብ ብሎ አይቷል። ለማኅበራዊ ኑሮ ጥናት የታመመው ሰው መጽሐፍ ከጤነኛው ይበልጣል ብል የማጋነን አይመስለኝም።

ጄምስ ብሩስንም በዚሁ ሚዛን ማየት ያሻል። በ1770 ጎንደር ገብቶ ያረፈው በእቴጌ ምንትዋብ ቍስቋም ነው፤ ወዳጆቹም መኳንንትና ወይዛዝርት ነበሩ። በ1790 ያሳተመው ሥራ ለዘመነ መሳፍንት መጀመሪያ ዋና ምንጭ መሆኑ አይካድም፤ ስለ ገበሬ ቤት ግን ከበቅሎ ላይ ሆኖ ያየውን ያህል ነው የሚያውቀው። ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ነው። በ1843 ወደ ትግራይ ገብቶ እስከ 1846 ሲኖር እንደ አገሬው ለብሶ፣ ጠጕሩን ቅቤ ተቀብቶ፣ በባዶ እግሩ እየሄደ፣ ከዐድዋ ርቆ በሰሜኑ ጠረፍ በሚገኝ አውራጃ ከሕዝቡ መካከል ተቀመጠ። በ1853 ያሳተመው መጽሐፍ ቀልድ ይበዛበታል፤ አንዳንድ የዘመኑ አንባብያንም ስለ ቅቤውና ስለ እግሩ ስቀውበታል። ይሁን እንጂ ምግቡን፣ ሰርጉን፣ ለቅሶውን፣ ጠቡን የጻፈው በሹም ትእዛዝ ሳይሆን በጎረቤትነት ገብቶ ስላየው፣ ከድርጎ እንግዶች መጽሐፍ የማይገኝ ነገር ይገኝበታል።

የውጭው መንገደኛ በድርጎ ሲገባ የገባበትን በር አስቀድሞ የከፈተው ሌላ ሰው መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ እርሱም ወታደሩ ነው። ዘመቻ ሲያልፍ፣ ወይም ጭፍራ ለክረምት ሲመራ፣ ወታደሩ በገበሬው ቤት ተሰሪ ሆኖ ይገባል። ምሥሡን ገበሬው ይችላል፤ ለበቅሎውም ገብስና ሣር ያቀርባል። ተሰሪው እንደ እግዜር እንግዳ አንድ ሌሊት አድሮ አይሄድም፤ የቀረበለትንም አመስግኖ አይቀበልም። የመልከኛው፣ የምስለኔው፣ የመልእክተኛው መስተንግዶ ከዚህ ጋራ ይደመራል። እንግዲህ በኮረብታው ጫፍ በቅሎ ላይ የተቀመጠና ጠመንጃ የያዘ ሰው ከነተከታዮቹ ብቅ ሲል፣ ከታች ያለችው እማወራ እንግሊዛዊ የዕፀዋት ሊቅ ይሁን የደጃዝማቹ ጭፍራ ልትለይ አትችልም። ብትለይስ ምን ይጠቅማታል? ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ዱቄት ነው። ዶሮው የተሸሸገው፣ ጎተራው ባዶ ነው ተብሎ የተማለው ለዚህ ነው። ጎተራውን ከቤት ርቆ በጕድጓድ መቅበርም የብልኃት ሥራ እንጂ የንፉግነት አልነበረም።

ነገሥታቱ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ ከባላገሩ ላይ ወርዶ በደመወዝ እንዲኖር አስበው ነበር፤ ገቢው ግን አልበቃም፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ሠራዊታቸው ራሱ አገሩን የሚበላ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የአፄ ምኒልክ ሥርዓት ነው። ከ1888 እስከ 1892 በቆየው በክፉ ቀን የከብት እልቂት በሬውን ጨረሰ፤ ረኀቡ ሰውን ፈጀ፤ ያም ሆኖ ወታደሩ መብላት ነበረበት። በ1892፣ ማለት በእኛ አቈጣጠር በ1884 ዓ.ም.፣ ገበሬው ከምርቱ ዐሥራት ለመንግሥት ጎተራ እንዲያገባ፣ ወታደሩም ከዚያ ቀለቡን እንዲቀበልና በገበሬው ቤት እንዳይተሰር ተደነገገ። በታሪክ መጻሕፍታችን ይህ አዋጅ ስለ ግብር በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ ይቀመጣል። ስለ ቤት ታሪክ በሚናገረውም ውስጥ ሊቀመጥ ይገባው ነበር፤ መንግሥት የገበሬውን መድረክና ምድጃ ከሜዳው እህል ለይቶ ለማየት የሞከረበት ነውና። ሙከራው በየአገሩ እኩል አልተፈጸመም። ዐሥራቱ ቀርቶ አያውቅም፤ መስተንግዶውም በብዙ ስፍራ ከዐሥራቱ ጋራ ተደርቦ ቀጠለ። ስለዚህ ከ1892 በኋላ በደጋው ያለፉትን መንገደኞች ስናነብም ድርጎ ቀርቷል ብለን መነሣት አንችልም።

ሦስተኛው በር ገንዘብ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነኝ ከደጋው ገጠር ሳይሆን ከደጋው ከተማ ከጎንደር የተገኘ ነው፤ ይኸውም በሰው ቤት ገብቶ የተጠናበት ሁኔታ እንደዚህ በግልጽ የተጻፈበት ሌላ ሥራ ስለማላውቅ ነው። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር ጅቡቲ የጥናት ጉዞ በ1932 ወደ ጎንደር ገብቶ ለአምስት ወር ያህል ተቀመጠ። የጉዞው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ከኢትዮጵያዊው ሊቅ ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋራ ሆኖ ስለ ዛር ለማጥናት በባለ ዛሯ በመልካም አየሁ ቤት ይውል፣ ለጥቂት ጊዜም ያድር ነበር። የሚታረደውን በግና ዶሮ ዋጋ የሚከፍለው ጉዞው ነው። ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የዕለት ማስታወሻው ውስጥ በዚያ ቤት የተሰማውን መማረክ፣ ከዚያም በየቀኑ ስለሚጠየቀው ገንዘብ ያደረበትን ቅሬታ አልደበቀም። ወዳጅ ነኝ ሲል ደንበኛ ሆኖ መገኘቱ አንገብግቦታል።

እኔ ግን የመልካም አየሁን ወገን ላስብ እወዳለሁ። በቤቷ የሚሰበሰበው ሕመምተኛ ሁሉ ለዛሩ የሚገባውን ያቀርባል፤ ደብተርና እርሳስ ይዞ ከመካከላቸው የተቀመጠው ፈረንጅ ብቻ ለምን በነጻ ይግባ? የእግዜር እንግዳ አልነበረም፤ አንድ ቀን አድሮ የሚሄድ፣ ነገም ብድሩን በራሱ ቤት የሚመልስ ሰው አይደለምና። በዚያው ዓመት ያው ጉዞ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎቹን አንሥቶ በምትካቸው አዲስ የተሣሉ ግልባጮች አኑሮ ሄደ፤ ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ይህንንም ለባለቤቶቹ ዋጋ ሰጥተን፣ አዲስም ሥለን ነው ያደረግነው ብለዋል። የቤት እንግዳ ምን ይዞ እንደ ገባ ብቻ ሳይሆን ምን ይዞ እንደ ወጣ መቍጠር እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ወደ ገጠሩ ደጋ ስንመለስ፣ በገንዘቡ የሚገባው እንግዳ በራሳችን ዘመን ሥርዓት የተበጀለትን ሁኔታ በሰሜን ወሎ በመቄት እናገኛለን። መቄት ከላሊበላ በስተ ምዕራብና በስተ ደቡብ የተዘረጋ አምባ ነው፤ ጫፉ በገደል ይቈረጣል፤ ገበሬው ገብስና ባቄላ ይዘራል፣ በጎች ያረባል፤ በገደሉ ላይም ጭላዳ ዝንጀሮ ይግጣል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ በዚህ አገር የመንደር ማኅበራት ለመንገደኞች ማረፊያ ሠሩ፤ መቋት ማርያም አንዱ ነው። ቤቶቹ በአገሩ ሥርዓት ከድንጋይና ከሣር የተሠሩ ናቸው። የቆሙት ግን ከቤተሰብ ቤት ተለይተው በገደሉ አፋፍ ላይ ነው። እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙን አህያ ይጭናል፤ የሚመራው የአገሩ ልጅ ነው፤ ምግቡን የሚያዘጋጁት ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ሰዎች ናቸው። ክፍያው ለማኅበሩ ይገባል። ወደ ቤተሰብ ቤት የሚገባው ለቡና ወይም ለጠላ ሲጠራ ነው።

አንዳንድ መንገደኞች በዚህ ቅር ይሰኛሉ። ከቤተሰቡ ጋራ በአንድ መደብ ላይ ማደር፣ በጭሱ ውስጥ መቀመጥ፣ ጥጃዋ ስትነቃ መንቃት ይፈልጋሉ፤ ለብቻ የተሠራው ጎጆ እውነተኛውን ኑሮ የሚጋርድ መጋረጃ ይመስላቸዋል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ጥናት ለሚያደርግ ሰው ከምድጃው መራቅ ብዙ ያስቀራልና። ሆኖም ከላይ የተነገረውን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው የመቄቱ አሠራር ጉድለት ሆኖ አይታየውም። ጭነቱ ከሰው ትከሻ ወርዷል። ማን ስንት እንጀራ እንደሚያወጣ በጭቃ ሹም ቃል ሳይሆን በማኅበሩ ስምምነት ይወሰናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤቱ በር የባለቤቶቹ ሆኗል፤ ሲፈልጉ ይጠሩታል፣ ሳይፈልጉ አይጠሩትም። በድርጎ ዘመን ያልነበረው ይህ ነው። እርግጥ ገቢው መንገደኛ በመምጣቱ ላይ የቆመ ስለ ሆነ ደካማ ነው፤ በ2021 ጦርነቱ እስከ ላሊበላና መቄት በደረሰ ጊዜ፣ ከ2023 ጀምሮም በአማራ ክልል ውጊያ በተነሣ ጊዜ ደርቋል። ገብሱን ትቶ በእንግዳ ብቻ ለመኖር የወሰነ መንደር ቢኖር ኖሮ ምን እንደሚደርስበት ማሰብ አያዳግትም።

የሰሜኑ ጊች ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ጊች ከ3,000 ሜትር በላይ በሚገኝ አምባ ላይ ያለ የገብስ አገር ነበር፤ ነዋሪዎቹም እስላሞች ነበሩ። ደጋውን ሁሉ የክርስቲያን ብቻ አድርገው ለሚያስቡ ይህ ራሱ ትምህርት ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ሲቋቋምና በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ መንደሩ በክልሉ ውስጥ ሆነ። ወደ ተራሮቹ የሚሄዱ መንገደኞች በአቅራቢያው ሰፈር እየሠሩ ወደ ጊች ቤቶች ለቡና ይገቡ ነበር። መሪውና ባለበቅሎው ክርስቲያን ሲሆኑ በአንድ ቤት ውስጥ የሃይማኖት ወሰን በምግብ ላይ ይታያል፤ ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ አይበላም፣ እስላሙም የክርስቲያኑን፤ ቡናው፣ ቆሎውና ዳቦው ግን የሁሉ ነው። ሁለቱ ወገኖች ይህን ያለ ንግግር ያውቁታል፤ በመካከላቸው የተቀመጠው ፈረንጅ ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው ይወጣል።

ፓርኩ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ ነበርና፣ ከዚያ እንዲወጣ ከታሰቡት ነገሮች አንዱ ግጦሹንና እርሻውን መቀነስ ሆነ። በ2016 ከ400 በላይ የሚሆኑት የጊች አባወራዎች ካሳ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ተሰረዘ። ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው የተገኘውን ጥቅም የማቃልል አይደለሁም። ነገር ግን አስተናጋጁ ከአምባው ወርዶ እንግዳው በአምባው ላይ መመላለሱን ቀጥሏል፤ እንዲህ ያለ ነገር በአልቫሬዝም በፓርኪንስም ዘመን አልታየም።

ስለዚህ በሰሜን ተራሮች ላይ እስላም ገበሬ መንገደኛን እንዴት ይቀበል እንደ ነበር፣ በየትኛው ወር ምን ይቀርብ እንደ ነበር፣ የሹሙ መስተንግዶ እስከ 1974 ድረስ ከየቤቱ ምን ያወጣ እንደ ነበር ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ወደ አምባው መውጣት አይጠቅመውም። የሚጠየቁት እማወራዎች የሚገኙት በደባርቅ ከተማ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው፤ ወፍጮውን በገዛ እጃቸው የገፉትም በዕድሜ የገፉት ናቸው።